የእርግዝና ስኳርን በተመላላሽ ክትትል እንዴት መቆጣጠር ይቻላል?

የእርግዝና ስኳር ምርመራ ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ውጤቱን የሰማች እናት ቶሎ ራሷን ትወቅሳለች፤ «ምን በልቼ ነው?» ትላለች። እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ከእንግዴ ልጁ የሚመነጩ ሆርሞኖች የኢንሱሊንን (የደም ስኳርን የሚያወርደውን ሆርሞን) ሥራ ያዳክማሉ። ሰውነትሽ ተጨማሪ ኢንሱሊን አምርቶ ማካካስ ሲያቅተው ስኳሩ ከፍ ይላል። አብዛኞቹ እናቶች አልጋ ሳይዙ፣ ከቤት እየተመላለሱ ይከታተሉታል።

መጀመሪያ የስኳር መለኪያና አንድ ደብተር አዘጋጂ። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በቀን አራት ጊዜ መለካት ነው፦ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከዚያም ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት በኋላ። በባዶ ሆድ ከ95 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች፣ መብላት ከጀመርሽ በ1 ሰዓት ከ140 በታች፣ በ2 ሰዓት ደግሞ ከ120 በታች መሆን አለበት። ሐኪምሽ ሌላ ቁጥር ከሰጠሽ የእሱን ያዢ። ከመለካትሽ በፊት እጅሽን ታጥበሽ አድርቂ፤ ፍራፍሬ የነካ ጣት ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል። የጣትሽን ጫፍ ሳይሆን ጎኑን ውጊ፤ ሕመሙ ይቀንሳል።

አሁን አደራ የምልሽ ነገር አለ። ያየሽውን ቁጥር እንዳለ ጻፊ። ቁጣ ፈርተው 160ን 130 ብለው የሚጽፉ እናቶች አሉ። ሐኪሙ ግን ሕክምናውን የሚወስነው ከዚያ ደብተር ተነስቶ ነው። ቁጥሩ ካማረ ምንም አይቀይርም፤ ትርፍ ስኳሩ ግን ወደ ፅንሱ መሄዱን አያቆምም፤ ልጁም ከመጠን በላይ ይወፍራል። ከቁጥሩ ጎን የበላሽውንም አስፍሪ።

ምግብሽን ከፋፍለሽ ብዪ፦ ሦስት ዋና ምግብ፣ በመሃል ትንሽ መክሰስ። ጠዋት ሰውነት ኢንሱሊንን ይበልጥ ስለሚቋቋም ቁርስ ላይ ዳቦና የመሳሰለውን ቀንሺ። ለስላሳና ጭማቂ ይቅሩብሽ። መራብ ግን መፍትሔ አይደለም። ሐኪምሽ ካልከለከለሽ ከምግብ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ተራመጂ፤ ለውጡን መለኪያው ላይ ራስሽ ታዪዋለሽ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቁጥሩ አልወርድ ካለ ኢንሱሊን ይታዘዝልሻል። አትደንግጪ፤ ኢንሱሊን የእንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ፅንሱ አይደርስም። እርግዝናው ሲገፋ መጠኑ መጨመሩም ያለ ነው። ከተንቀጠቀጥሽ፣ ካላበሽ ወይም ስኳርሽ ከ70 በታች ከወረደ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ጠጪ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኪ። ጭማቂ መድኃኒት የሚሆንሽ ያኔ ብቻ ነው።

በየቀጠሮው የደም ግፊትሽና ሽንትሽ ይታያል፤ የልጁ እድገትም በአልትራሳውንድ ይለካል። የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ወይም ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ሂጂ።

ከወለድሽ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥተሽ እንደገና ትመረመሪያለሽ፤ ነጻ ብትሆኚም በየ1 እስከ 3 ዓመቱ መታየት አለብሽ። ብዙ እናት የምትረሳው ይህንን ነው። የሕፃኑን የክትባት ቀጠሮ ስታስይዢ የራስሽንም አብረሽ አስይዢ።