ሄርማነስ ላይ ዓሣ ነባሪን ከዳር ቆሞ እንዴት ማየት ይቻላል?

ዓሣ ነባሪ ለማየት የግድ ጀልባ መሳፈር የለባችሁም። ከኬፕታውን 120 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው የደቡብ አፍሪካዋ ሄርማነስ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። «ሰዘርን ራይት» የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ለመውለድ ወደ ባሕረ ሰላጤዋ ይመጣሉ። ረጋ ያለና ጥልቀት የሌለው ውሃ ስለሚወዱ አንዳንዴ ገደሉ ሥር ድረስ ይጠጋሉ። እንደኔ እንደኔ መጀመሪያ በነጻ ሞክሩ። ለጀልባ መክፈሉ በኋላም ይደርሳል።

ወቅቱን ምረጡ

ከሰኔ እስከ ኅዳር ድረስ አሉ። በብዛት የሚታዩት ግን ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። ከዚያ በኋላ ለምግብ ወደ አንታርክቲካ አቅጣጫ ይሄዳሉ። በመስቀል ሰሞን ከተማዋ የዓሣ ነባሪ ፌስቲቫል ስለምታዘጋጅ አልጋ ይወደዳል፣ መኪና ማቆሚያም አይገኝም። ግርግር ካልወደዳችሁ አንድ ሳምንት አስቀድሙ ወይም አዘግዩ።

መንገዱ

በኤን 2 አውራ ጎዳና አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጃል። ጊዜ ካላችሁ ግን በጎርደንስ ቤይ በኩል ባሕሩን ይዞ የሚሄደውን መንገድ ምረጡ። ይረዝማል፣ ግን ቤቲስ ቤይ ላይ ፔንግዊኖችን ታያላችሁ። መኪና የምትከራዩ ከሆነ እዚያ አገር የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ አደባባይ ላይ ተጠንቀቁ።

የት ትቆማላችሁ?

ከከተማዋ ፊት ለፊት፣ በገደሉ አፋፍ ላይ 12 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ የእግር መንገድ አለ። ሁሉንም መሄድ አይጠበቅባችሁም። አሮጌው ወደብና አጠገቡ ያለው ጊሪንግስ ፖይንት ይበቃሉ። እዚያ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን፣ ወደ ደቡብ ወደ ባሕሩ ስታዩ ከኋላችሁ ናት፤ ዓይን አትወጋም። ወሩ ጸደይ ነው ብላችሁ ጃኬት እንዳትተዉ። ንፋሱ ይበርዳል።

ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ዓሣ ነባሪ ሲታይ መለከት የሚነፋ ሰው ስትቀጥር ኖራለች። መለከቱ የሚሠራው ከባሕር አረም ነው። ድምፁን ከሰማችሁ ሰው ወደሚሮጥበት ሂዱ።

እንዴት ታያላችሁ?

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ገና እንደደረሰ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር ዓይኑ ላይ ደቅኖ አንድ ቦታ ያፈጣል፣ ከዚያ «ምንም የለም» ብሎ ይሄዳል። መነጽሩን አስቀምጡት። መጀመሪያ በባዶ ዓይን ባሕሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ቃኙ። የምትፈልጉት እስትንፋሱን ነው። ሰዘርን ራይት ሲተነፍስ እንፋሎቱ ለሁለት ተከፍሎ በቪ ቅርጽ ወደ ላይ ይወጣል። ንፋስ በርትቶ ማዕበሉ ነጭ አረፋ ከሞላው ግን ሁሉም እንፋሎት ይመስላል። ስለዚህ ረጋ ያለ ቀን ምረጡ፣ ሁለት ቀን ብታድሩም ይሻላል።

እስትንፋሱን ካገኛችሁ አሁን መነጽሩን አንሡ። ጀርባው ጥቁርና ለስላሳ ነው፣ ክንፍ የለውም። ጭንቅላቱ ላይ ነጣ ያሉ ሻካራ ጉብታዎች አሉት። ተመራማሪዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩት በእነሱ አቀማመጥ ነው። ትልቁ ከ15 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። አጠገቡ ትንሽ ጀርባ ካያችሁ እናትና ግልገል ናቸው። «ትንሽ» ያልኩት ግልገል ሲወለድ ራሱ 5 ሜትር ያህል ነው! እናትና ግልገል ቶሎ ርቀው ስለማይሄዱ፣ ቢሰወሩም እዚያው ጠብቁ።

ከውሃ ዘሎ የወጣ ዓሣ ነባሪ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ይዘላል። የመጀመሪያውን በስልክ ለመቅረጽ አትሞክሩ፣ አይደርስላችሁም። ዝም ብላችሁ እዩት፣ ከዚያ ስልኩን ወደዚያው ቦታ አዘጋጁ።

ጀልባ ካማራችሁ

ፈቃድ ያለውን ብቻ ያዙ። ባለፈቃድ ጀልባ እስከ 50 ሜትር መጠጋት ይችላል። ሌላው ሁሉ፣ ካያክም (በመቅዘፊያ የሚነዳ ትንሽ ጀልባ) ሆነ ዋናተኛ፣ ከ300 ሜትር በታች እንዳይቀርብ ሕጉ ይከለክላል። ድሮንም እቤት ይቅር። ጀልባ የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ መድኃኒቱን ከመነሣታችሁ በፊት ውሰዱ፤ ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ እምብዛም አይረዳም። ስትሳፈሩም ወደ ኋላ በኩል ተቀመጡ። ከፊት ይልቅ መናወጡ ይቀላል።