ፓርክ ጉኤልን ከላይ ወደ ታች ጎብኙት

ባርሴሎና ያለውን የአርክቴክቱን የጋውዲን ፓርክ ጉኤል ለማየት ካሰባችሁ፣ አብዛኛው ሰው እንደሚያደርገው ሌሴፕስ ሜትሮ ጣቢያ ወርዳችሁ ከዳገቱ ጋር አትታገሉ። በዚያው በ3ኛው መስመር አንድ ጣቢያ አልፋችሁ ቫልካርካ ላይ ውረዱ። ባይሻዳ ዴ ላ ግሎሪያ በሚባለው መንገድ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ደረጃ አለ፤ ብዙውን ዳገት እሱ ይገላግላችኋል።

ፓርኩ ኮረብታ ላይ ስለሆነ ከላይ ከገባችሁ ቀሪው ቁልቁለት ነው። መጀመሪያ በሴራሚክ ስብርባሪ የተለበጠው ጥምዝምዝ መቀመጫ ያለበት አደባባይ፣ ከሥሩ 86ቱ ዓምዶች፣ ከዚያ ከታች በፓርኩ ደረጃ ላይ ያለው የዘንዶ ሐውልት ይመጣል። የዝናቡ ውሃም የሚሄደው በዚሁ አቅጣጫ ነው፦ ከአደባባዩ ተጣርቶ በዓምዶቹ ውስጥ ይወርድና ከታች ማጠራቀሚያ ይገባል። ጋውዲ አስቦበታል!

ትኬት በኢንተርኔት ቀድማችሁ ቁረጡ፤ የሚሸጠው በሰዓት ተከፋፍሎ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። አንዴ ከወጣችሁ ተመልሶ መግባት የለም፤ ዘንዶው ጋ ፎቶ ሳትነሱ ከበሩ እንዳትወጡ።

የሕፃን ጋሪ ወይም ዊልቸር ካለ ግን ይሄ መንገድ አይሆንም፤ መሀል መሀል ላይ ተራ ደረጃ አለበት። ያኔ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ይሻላል።