ዩኬ ውስጥ ባንክ ስትቀይሩ የድሮውን አካውንት ራሳችሁ እንዳትዘጉት

ባንክ መቀየር እየፈለጋችሁ "ደሞዜ የት ሊገባ ነው፣ ሬንቱስ፣ ካውንስል ታክሱስ፣ ስልኩስ" እያላችሁ ለዓመታት እዛው ማትወዱት ባንክ የተቀመጣችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፣ ስለዚህ እዚህ ዩኬ አካሄዱ እንዴት እንደሆነ በደንብ ልጻፍላችሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፣ የድሮውን አካውንት ሄዳችሁ በራሳችሁ እንዳትዘጉት። ብዙ ሰው ሚያደርገው ምን መሰላችሁ፣ አዲስ ባንክ ይከፍታል፣ ያለውን ገንዘብ በአፑ ወደ አዲሱ ይልካል፣ ከዛ ድሮው ባንክ ይደውልና ዝጉልኝ ይላል፣ በቃ ጨረስኩ ብሎ ቁጭ ሲል በሚቀጥለው ወር የመብራቱ ዳይሬክት ዴቢት (ድርጅቱ ራሱ ከአካውንቱ ሚቆርጠው ክፍያ) የተዘጋ አካውንት ላይ ሄዶ ይመለሳል፣ የመኪና ኢንሹራንሱ ልንሰርዘው ነው ብሎ ይጽፍለታል፣ ደሞዙም ወደ መስሪያ ቤቱ ይመለስና ፔይሮል እስኪያስተካክለው መጠበቅ ነው። ይሄ ሁሉ ጣጣ ሚመጣው አካውንቱን ራሱ ስለዘጋው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ለዚህ ተብሎ የተሰራ ሲስተም አለ፣ ከረንት አካውንት ስዊች ሰርቪስ ይባላል፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ2013 ሴፕቴምበር ጀምሮ አለ፣ ሚያስተዳድረው ፔይ ዩኬ ሚባል ድርጅት ነው፣ ምንም አያስከፍልም። እናንተ ምታናግሩት አዲሱን ባንክ ብቻ ነው፣ ድሮው ባንክ ጋ መደወልም ለምን እንደምትለቁ ማስረዳትም አይጠበቅባችሁም። አዲሱ ባንክ በ7 የስራ ቀን ውስጥ ዳይሬክት ዴቢቶቹን፣ ስታንዲንግ ኦርደሮቹን (እናንተ ራሳችሁ በየጊዜው እንዲላክ ያዘዛችሁትን ቋሚ ክፍያ) እና ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ ያዛውራል፣ የድሮው አካውንትም በዛው ይዘጋል፣ ከዛ በኋላም ሰው በድሮው ቁጥር ገንዘብ ከላከላችሁ ቢያንስ ለ3 ዓመት በራሱ ወደ አዲሱ ይዞራል። በዛ ላይ ዋስትና አለው፣ በዝውውሩ ምክንያት አንድ ክፍያ ተሳስቶ ወይ ዘግይቶ ወለድ ወይ ቅጣት ቢመጣባችሁ፣ ድሮው አካውንት ላይም ይሁን አዲሱ ላይ፣ አሳውቃችሁ አዲሱ ባንክ ነው ሚመልስላችሁ። ይሄን ዋስትና ምታገኙት ግን ሙሉ ስዊች ስትሉ ነው፣ ድሮው ሳይዘጋ የተወሰነውን ብቻ ምታዛውሩበት ፓርሻል ስዊች ሚባል አለ፣ እሱ ላይ ዋስትናው የለም ገንዘቡም በራሱ አይዞርም። ሁለቱም ባንኮች ሲስተሙ ውስጥ መኖር አለባቸው፣ ከ40 በላይ ባንኮችና ቢልዲንግ ሶሳይቲዎች አሉበት፣ ባርክሌስ፣ ኤችኤስቢሲ፣ ሎይድስ፣ ናትዌስት፣ ሳንታንደር፣ ኔሽንዋይድ፣ ሞንዞ፣ ስታርሊንግ ሁሉም አሉ፣ የናንተ ባንክ እዚህ ውስጥ ካልተጠራ የስዊች ሰርቪሱ ዌብሳይት ላይ አረጋግጡ።

የትኛው ባንክ ይሻላል ሚለው ላይ ብዙ አልቆይም፣ እንደ ሰው ነው። ካሽ ምትቀበሉ ከሆነ ካሽ ምታስገቡበት ቅርንጫፍ በሰፈራችሁ መኖሩን እዩ፣ አገር ቤት ስትሄዱ ካርድ ምትጠቀሙ ከሆነ ውጭ አገር ሲጠቀሙበት ማያስከፍለውን ፈልጉ። ለሚመጣ ሰው ቦነስ ሚሰጡ ባንኮች አሉ፣ ብዙ ጊዜ ከ100 ፓውንድ በላይ ነው ጥሩ ነው ውሰዱት፣ ግን ቅድመ ሁኔታውን ቃል በቃል አንብቡት ምክንያቱም በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ይሄን ያህል ገንዘብ ይግባ፣ ሁለት ዳይሬክት ዴቢት ይኑር፣ ከዚህ በፊት የኛን ቦነስ ወስዶ ማያውቅ ይሁን ምናምን ይላል፣ አንዷን ካጎደላችሁ አይሰጧችሁም።

አሁን እኛን ሀበሾችን በተለይ ሚያስቸግረን ነገር ላይ ልምጣ፣ ስም። ስዊቹ ሲጠየቅ አዲሱ ባንክ ለድሮው ባንክ ስማችሁን፣ ሶርት ኮዳችሁን (የባንኩን መለያ ቁጥር)፣ አካውንት ነምበራችሁን ይልካል፣ ድሮው ባንክ ጋ ያለው ስም ካልገጠመ ስዊቹ ሊመለስ ይችላል። እኛ ደግሞ ሰርኔም ሚባል ነገር የለንም፣ ያለን የራስ ስም፣ የአባት እና የአያት ነው፣ እና መጀመሪያ እዚህ አገር ስንመጣ አካውንት የከፈተልን ሰውዬ አንዳንዱ የአባትን ስም ሰርኔም ላይ ያደርገዋል፣ አንዳንዱ የአያትን ያደርግና የአባትን ሚድል ኔም ላይ ይወረውረዋል፣ አንዳንዱ የራስንና የአባትን አንድ ላይ ፈርስት ኔም ላይ ደርድሮ ያስገባዋል። ስፔሊንግ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት፣ ፀሐይ ሚለውን ስም ብቻ ውሰዱ፣ ፓስፖርት ላይ በቲ ኤስ ይጀምራል፣ ድሮው ባንክ ጋ በቲ ዜድ ተጽፏል፣ መጨረሻው ላይ አንዱ ጋ ዋይ ሌላው ጋ አይ። ለኛ አንድ ስም ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰው ነው። ስለዚህ አዲሱን ከመክፈታችሁ በፊት የድሮውን ባንክ አፕ ክፈቱና ፕሮፋይል ሚለው ጋ ግቡ፣ እዛ ላይ ስማችሁ እንዴት እንደተጻፈ እያንዳንዱን ፊደል ከፓስፖርታችሁ ጋር አስተያዩት፣ አድራሻችሁንም እንደዛው፣ ቤት ቀይራችሁ ባንኩ ላይ ያልቀየራችሁ ካላችሁ አሁን ቀይሩት። ልዩነት ካለ መጀመሪያ ድሮው ባንክ ጋ ይስተካከል፣ ፓስፖርት ይዛችሁ ቅርንጫፍ ሂዱ፣ ስዊቹ ትንሽ ይቆያል እንጂ በኋላ ከመልመጥመጥ ያድናችኋል።

አዲሱን ለመክፈት መታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ ይጠይቋችኋል። በፊት ቢአርፒ ሚባለውን የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ እናሳይ ነበር፣ አሁን ግን ወደ ኢቪዛ (ኦንላይን ወዳለው ፈቃድ) ስለተዞረ ሼር ኮድ፣ ማለትም ፈቃዳችሁን ኦንላይን እንዲያዩ ምትሰጧቸውን ቁጥር ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፣ የኢቪዛ አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ማውጣት መቻላችሁን ቀድማችሁ ሞክሩት። ለአድራሻ የካውንስል ታክስ ደብዳቤ ወይ የመብራትና ጋዝ ቢል አብዛኛውን ጊዜ ይሰራል። ክሬዲት ቼክ ያደርጋሉ፣ ማለትም የብድርና የክፍያ ታሪካችሁን ያያሉ፣ እሱ ክሬዲት ፋይላችሁ ላይ ሊታይ ስለሚችል አንዱ እምቢ አለኝ ብላችሁ በአንድ ሳምንት አራት ባንክ አትሞክሩ፣ ሞርጌጅ ልትጠይቁ ከሆነ ደግሞ ሞርጌጁ ካለቀ በኋላ ይሁን። አዲስ የመጣችሁና ክሬዲት ታሪክ የሌላችሁ ቤሲክ ባንክ አካውንት ብላችሁ በስሙ ጠይቁ፣ ኦቨርድራፍት (ገንዘባችሁ ሲያልቅ ባንኩ ሚያበድራችሁ) የለውም ግን ነጻ ነው፣ ትልልቆቹ ባንኮች እሱን እንዲያቀርቡ በህግ ግዴታ አለባቸው።

ስዊች ሚለውን ከመንካታችሁ በፊት ስቴትመንታችሁን አውርዱ። ይሄን በጣም አደራ ምላችሁ ነው። አካውንቱ ሲዘጋ አፑም አብሮ ይዘጋባችኋል፣ ከዛ ወዲያ ስቴትመንት መጠየቅ በስልክ ወይ በደብዳቤ ነው ጊዜም ይፈጃል። ባል ወይ ሚስት ከአገር ቤት ለማምጣት ምታመለክቱ ሰዎች ተቀጣሪ ከሆናችሁ በተለምዶ የ6 ወር ፔይስሊፕና ደሞዙ ሲገባ ሚያሳይ የ6 ወር ስቴትመንት ትጠየቃላችሁ፣ እና መሀል ላይ ባንክ ብትቀይሩም ችግር የለውም፣ የሁለቱንም ባንክ ስቴትመንት አያይዛችሁ ምታቀርቡት ከሆነ ነው ግን። ታክሲ ምትነዱና በግላችሁ ምትሰሩ ደግሞ ለኤችኤምአርሲ (ለታክስ መስሪያ ቤቱ) መረጃችሁን ከታክስ ሪተርኑ የጃንዋሪ 31 ቀነ ገደብ በኋላ ለ5 ዓመት ማስቀመጥ አለባችሁ፣ ስለዚህ በአቅማችሁ ወደ ኋላ እስከሚሄድላችሁ ድረስ በየዓመቱ በፒዲኤፍ አውርዳችሁ ኢሜላችሁ ላይም ላኩት፣ ስልክ ይጠፋልና።

ከዛ አዲሱ ባንክ ውስጥ ስዊች ትሞላላችሁ፣ የድሮውን ሶርት ኮድና አካውንት ነምበር አስገብታችሁ ቀኑን ትመርጣላችሁ። ቀኑን ዝም ብላችሁ ቅርብ ያለውን አትምረጡ። ደሞዝና ሬንት ሚገናኙበትን ሳምንት ዝለሉት፣ ለምሳሌ ደሞዝ በ28 ሚገባና ሬንት በ1 ሚወጣ ከሆነ ስዊቹ በወሩ አጋማሽ ይለቅ። ቅዳሜና እሁድ እንዲሁም ባንክ ሆሊደይ አይቆጠሩም፣ ስለዚህ 7 የስራ ቀን ማለት ከሳምንት በላይ ነው፣ በገናና በፋሲካ ሰሞን ከዛም ይረዝማል። እስከ ስዊቹ ቀን ድረስ ድሮው ካርድ ይሰራል፣ በዛ ቀን ያቆማል፣ አዲሱ ካርድና ፒን ከዛ በፊት እጃችሁ ካልገባ ደውሉ። በነዚህ ቀናት ውስጥ ድሮው አካውንት ላይ አዲስ ዳይሬክት ዴቢት አትክፈቱ።

ስዊቹ ማይነካው ትልቁ ነገር ካርድ ላይ የተመዘገበ ክፍያ ነው። ዳይሬክት ዴቢት በሶርት ኮድና አካውንት ነምበር ነው ሚሄደው ስለዚህ ይዛወራል፣ ኔትፍሊክስ፣ አማዞን ፕራይም፣ ጂም፣ ኡበር፣ የስልክ ስቶሬጅ ምናምን ግን አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ ፊት ላይ ያለውን ረጅሙን ቁጥር ይዘው ነው ሚቆርጡት፣ ካርዱ ሲሞት እነሱም ይቆማሉ። መለያው ቀላል ነው፣ ባንክ አፑ ላይ ዳይሬክት ዴቢት ሚለውን ዝርዝር ክፈቱ፣ እዛ ውስጥ ሌለ ግን በየወሩ ስቴትመንት ላይ ሚታይ ክፍያ ካለ ወይ ስታንዲንግ ኦርደር ነው ወይ ካርድ ነው። ዓመታዊውን እንዳትረሱ ደግሞ፣ በዓመት አንዴ ሚቆረጥ በወር ዝርዝር ላይ አይታይምና የ12 ወር ስቴትመንት እዩ። አገር ቤት ገንዘብ ምትልኩበት አፕ ላይም አዲሱን ካርድ አስገቡ፣ እናት መድኃኒት ልትገዛ ስትጠብቅ ካርድ ዲክላይንድ ማለት ጥሩ አይደለም። ዕቁብ በስታንዲንግ ኦርደር ምትከፍሉ ከሆነ ይዛወራል፣ ግን ዕጣው ሲደርሳችሁ ሚገባበትን አዲሱን ቁጥር ለሰብሳቢው ንገሩ።

ድሮው ባንክ ላይ ኦቨርድራፍት ካለባችሁ ዕዳው በስዊች አይጠፋም፣ ወይ ትከፍላላችሁ ወይ አዲሱ ባንክ በዛ ልክ ኦቨርድራፍት እንዲሰጣችሁ ቀድማችሁ ትስማማላችሁ። ጆይንት አካውንት ከሆነ ሁለታችሁም መስማማት አለባችሁ፣ የግላችሁን ወደ ጆይንት ማዛወር ይቻላል፣ ጆይንቱን ወደ አንድ ሰው ስም ግን በዚህ ሲስተም አይሆንም። ሴቪንግና አይሳ (ወለዱ ታክስ ማይከፈልበት ቁጠባ) በስዊቹ አይሄዱም፣ አይሳ ካላችሁ በተለይ ገንዘቡን አውጥታችሁ በእጃችሁ አታዛውሩት ከታክስ ነጻ መሆኑን ታጣላችሁ፣ አዲሱ ባንክ ጋ አይሳ ትራንስፈር ፎርም ሙሉ።

ካለቀ በኋላ ለኤች አር አዲሱን ቁጥር ስጡ፣ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ምታገኙ ጆርናላችሁ ላይ አስተካክሉ፣ ቻይልድ ቤኔፊትም እንደዛው፣ ገንዘቡ በራሱ ቢዞርም መዝገቡ ትክክል ቢሆን ነው ሚሻለው። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ አፑን በየሁለት ቀኑ ክፈቱና መውጣት ያለበት ወጥቷል ወይ ብላችሁ እዩ። በዚህ ሰሞን "ስዊችህ ተበላሽቷል፣ ገንዘብህን ለጊዜው ወደዚህ ሴፍ አካውንት አዛውር" ብሎ ሚደውል ሰው ካለ ሌባ ነው፣ ባንክ በምንም ዓይነት እንደዛ አይልም፣ ስልኩን ዝጉትና በ159 ደውሉ፣ ከባንካችሁ ጋር ያገናኛችኋል። እውነተኛ ስህተት ተፈጥሮ ባንኩ አላስተካክል ካለ ኮምፕሌይንት ብላችሁ በጽሁፍ አስገቡ፣ መልስ ለመስጠት 8 ሳምንት አላቸው፣ ካልመለሱ ወይ መልሱ ካላረካችሁ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን (የባንክ ቅሬታ ሚዳኝ ገለልተኛ አካል) ጋ ትወስዱታላችሁ፣ የመጨረሻ መልሳቸው ከደረሳችሁ በ6 ወር ውስጥ መሆን አለበት፣ ነጻ ነው፣ ጠበቃም አያስፈልግም፣ እንግሊዝኛ ለሚከብዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ።