ስፒና ሲቀየር የሚደጋገሙ ስህተቶች

በትክክል ያልታሰረ ስፒና ስህተቱን ወዲያውኑ አያጋልጥም። ዕቃው ይሠራል፤ ሙቀቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ፕላስቲኩን ይበላል።

በብዛት የሚታየው ስህተት የገመዱን የውጭ ልባስ አብዝቶ መላጥ ነው። የስፒናው ማሰሪያ መንከስ ያለበት ይህንን ወፍራም ልባስ እንጂ ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች አይደለም። ባለቀለም ሽቦ ከስፒናው ውጭ ከታየ ፈቶ እንደገና ማሰር ነው። አለበለዚያ ገመዱ በተጎተተ ቁጥር ጫናው በብሎኖቹ ላይ ያርፋል።

ሽቦውን በቢላ ሲልጡ ክሮቹን መቁረጥም የተለመደ ነው። ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር መላጥ ለአብዛኛው ስፒና ይበቃል። ሁለት ሦስት ክር ከተቆረጠ ጫፉን ቆርጦ ከአዲስ መጀመር ይሻላል። ከብሎኑ ሥር ያመለጠች አንዲት ክር ደግሞ ከጎረቤት ብሎን ጋር ተገናኝታ ሾርት ታደርጋለች።

ጫፉን በሊድ መበየድ የጥንቃቄ ሥራ ይመስላል፤ ብዙ ባለሙያም ያደርገዋል። ግን ስህተት ነው። ሊድ ለስላሳ ስለሆነ በብሎን ተጨቁኖ ሲቆይ ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ብሎኑ ይላላል፣ የላላው ይግላል። ክሮቹን ገምዶ አጥፎ ማስገባት፣ ወይም በፒንሳ የሚጨመቅ የብረት ቱቦ ጫፉ ላይ ማልበስ ይበጃል። ሽቦው በብሎን ራስ ሥር የሚጠመጠም ከሆነ ጥምጥሙ ብሎኑ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይሁን፤ በተቃራኒው ከሆነ ሲጠብቅ ተገፍቶ ይወጣል።

ቀለም በግምት አይታሰርም። ቡናማ ፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው)፣ ሰማያዊ ኒውትራል (የሚመልሰው)፣ አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበት ኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኘው የመከላከያ ሽቦ) ነው። ጥቁር ግን ያሳስታል፦ በአሮጌው የእንግሊዝ ገመድ ኒውትራል፣ በአሜሪካው ፌዝ ነው።

ኧርዙን ቆርጦ መጣል ከሁሉ የከፋው ነው። ፌዝ ከብረት አካሉ ጋር ቢነካካ ዕቃው ራሱ ይይዛል። እንዲያውም የኧርዙን ሽቦ ከሌሎቹ ትንሽ አስረዝሞ መተው ነው፤ ገመዱ ቢጎተት በመጨረሻ የሚነቀለው እሱ ይሆናል። በካሬ ውስጥ ካሬ ምልክት ያለበት፣ ባለሁለት ሽቦ ዕቃ ብቻ ኧርዝ አይፈልግም።

ለዕቃው የማይመጥን ቀጭን ገመድ መጠቀምም ሌላው ስህተት ነው። በተለምዶ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ለ6 አምፔር፣ 1 ለ10፣ 1.5 ለ16 ይሆናል። በ220 ቮልት 2000 ዋት የሚወስድ ማሞቂያ 9 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ስለዚህ የ0.75 ገመድ አይችለውም።

ከመክደንዎ በፊት እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ ያድርጉ። ሶኬት ላይ ሳይሰኩ በቴስተር ከኧርዝ እግር እስከ ዕቃው ብረት ይለኩ፤ ንባቡ ወደ ዜሮ ኦም የተጠጋ መሆን አለበት። ግማሽ ሰዓት ካሠሩት በኋላ ነቅለው የስፒናውን ጀርባ ይንኩ። ለብ ካለ ደህና ነው፤ ከጋለ ግን በመጀመሪያ ብሎኖቹን ይፈትሹ።