የጂግሊፓፍን ዝላይ አታባክኑ

ተቃዋሚን ከመድረክ በመጣል በሚሸነፍበት የቪዲዮ ጨዋታ፣ በሱፐር ስማሽ ብሮስ አልቲሜት፣ ጂግሊፓፍ የምትባለዋን ገጸ ባሕርይ የምትጫወቱ ሰዎች፣ አየር ላይ ያሏትን 5 ዝላዮች በአንዴ አትጨርሱ። ከፍታቸው እያነሰ ስለሚሄድ ቢያንስ ሁለቱን ለመመለሻ አስቀሩ፤ ወደ ላይ የሚያስፈነጥር ልዩ ምት የላትምና ዝላይ ካለቀ ወደ መድረኩ መመለስ ጭንቅ ነው።

በጨዋታው መለኪያ ክብደቷ 68 ብቻ ነው፣ ከገጸ ባሕርያቱ ከሷ የሚቀለው ፒቹ ብቻ ነው። ስለዚህ ምት ለምት አትለዋወጡ። ጀርባዋን ለተቃዋሚ ሰጥታችሁ ምቱ ከሚደርስበት ትንሽ ራቅ ብላችሁ ተንሳፈፉ፤ ሰንዝሮ ሲስት የመቆጣጠሪያውን ስቲክ ወደሱ ገፍታችሁ ወደ ኋላ በሚሰነዘረው የአየር ምት ምቱት፣ ወዲያው ስቲኩን መልሳችሁ ውጡ። ይቺ መግቢያና መውጫ የጨዋታዋ እምብርት ናት።

ጋሻ (ምት የሚከላከለውን መከለያ) ደግሞ ለረጅም ጊዜ አትያዙ። ከተሰበረ ሽቅብ ትተኮሳለች፤ የሚያግዳት ጣሪያ ከሌለ አንድ ሕይወት ሄደ።