ባዶ ዲቪዲና በርነር እንዴት ይወዳደራሉ?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሰርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። አሁን አሁን በፍላሽ ስጠኝ የሚል በዝቷል። ከኩታበርና ከሐይቅ የሚመጡ ብዙ ቤተሰቦች ግን ዛሬም ቴሌቪዥናቸው ሥር ዲቪዲ ማጫወቻ አለ። ስለዚህ በበርነር (ዲስክ በሚጽፈው መሣሪያ) ዲስክ በርን ማድረግ አልቀረልኝም።

አንድ ጊዜ ለኮምቦልቻ ሰርግ 20 ዲስክ 16ኤክስ በሚባለው ፈጣን የመጻፊያ ፍጥነት ቸኩዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ብቻ አይቼ አስረከብኩ። በሳምንቱ የሙሽራዋ እናት ሐረጎን ወጥተው መጡ። «ልጄ፣ ምርቃቱ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል» አሉኝ። «አብሽሩ እማማ፣ አስተካክለዋለሁ» አልኳቸው። ዋናውን ፋይል ግን ቦታ ለማስለቀቅ ብዬ አጥፍቼው ነበር። ከዲስኮቹ እየለቃቀምኩ አብዛኛውን መለስኩ። የአያትየው ምርቃት ግን ግማሹ ቀረ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ዲስክ ወይም አዲስ በርነር ስገዛ ሳላወዳድር ሥራ ላይ አላውለውም።

1. ኮዱን እዩ። ማሸጊያው ላይ ያለው ስም የፋብሪካው ስም ላይሆን ይችላል። የዲስኩ ትክክለኛ መታወቂያ ውስጡ የተቀመጠው ኮድ ነው። ኢምግበርን የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ባዶውን ዲስክ ስታስገቡ ያሳያችኋል። ለምሳሌ ኤምሲሲ 004 የሚትሱቢሺ ኬሚካል ባለ 16ኤክስ ዲቪዲ ፕላስ አር ነው፤ ፕላስ አርና ማይነስ አር ሁለት የባዶ ዲቪዲ ዓይነቶች ናቸው። ቲዋይጂ03 ደግሞ የታይዮ ዩደን ዲቪዲ ማይነስ አር ነው። በርነሩም የሚያነበው ይህንኑ ኮድ ነው። ሌዘሩ ለዚያ ኮድ እንዴት መጻፍ እንዳለበት ፈርምዌሩ (በርነሩን የሚመራው የውስጥ ፕሮግራም) ውስጥ ተቀምጧል። አንዱ በርነር ላይ ሸጋ ሆኖ የሚጻፍ ዲስክ ሌላው ላይ የሚበላሸው ለዚህ ነው። የበርነራችሁ አምራች አዲስ ፈርምዌር አውጥቶ ከሆነ ከሙከራው በፊት ጫኑት። መሃል ላይ ከቀየራችሁ የቀድሞው ውጤት ከአዲሱ ጋር አይወዳደርም።

2. አንድ ነገር ብቻ እየቀየራችሁ ጻፉ። ዲስኩን እስከ ዳር የሚሞላ አንድ ፋይል አዘጋጁ፤ 4.3 ጊጋባይት ገደማ ይሁን። ለሁሉም ዲስክ ያንኑ ተጠቀሙ። ሁለት ዓይነት ዲስክ፣ ሁለት በርነርና ሁለት ፍጥነት ካላችሁ ስምንት ጥምረት ይሆናል። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጻፉ። ከአንድ እሽግ የወጡ ዲስኮችም ይለያያሉና በአንድ ዲስክ አትፍረዱ። 16 ዲስክ ማጥፋት ያማል፣ አውቃለሁ። የተበላሸ ሰርግ ግን የበለጠ ያማል። የሠራችሁበትን በርነርና ፍጥነት መሃሉ ላይ ባለው ግልጽ ቀለበት በማርከር ጻፉ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ከሌላችሁ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አትጀምሩ።

ስለ ፍጥነት ልንገራችሁ። 16ኤክስ ማለት ሙሉውን ዲስክ በ16ኤክስ ይጽፋል ማለት አይደለም። ዲቪዲ የሚጻፈው ከመሃል ወደ ዳር ነው። በርነሩ መሃል ላይ በ6 ወይም በ7ኤክስ አካባቢ ይጀምርና 16 የሚሞላው ዳር ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ ዲስኩ በደቂቃ ከ9,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ትንሽ የጎበጠ ከሆነ ሌዘሩ እሱን መከተል ይቸገራል። የፊልሙ መጨረሻ የሚያርፈውም እዚያው ዳር ላይ ነው። የእኔም ምርቃት የጠፋው እዚያ ነበር። ሙሉ ዲስክ በ16ኤክስ ስድስት ደቂቃ ገደማ፣ በ8ኤክስ ደግሞ ስምንት ወይም ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጃል። ለሁለት ሦስት ደቂቃ ብዬ ዳሩን አላስበላም። ግን «ባዘገየሁ ቁጥር ይሻላል» ብላችሁ ወደ 2ኤክስ አትውረዱ። ለፈጣን ጽሑፍ የተሠራ ዲስክ በጣም ሲዘገይ የሚብስበት ጊዜ አለ። እኔ በ8ና በ12 እሞክራለሁ።

3. ስካን አድርጉ፤ ማለትም ድራይቩ ዲስኩን ሲያነብ ስንት ስህተት እንዳገኘ ለኩ። የሚያሳስተው ይሄኛው ነው። ኔሮ ዲስክስፒድ ወይም ኦፕቲ ድራይቭ ኮንትሮል የሚባል ፕሮግራም ያስፈልጋችኋል። በርነሩም የስህተት ቁጥር ለፕሮግራሙ የሚሰጥ ዓይነት መሆን አለበት፤ ሁሉም አይሰጥም። ብዙዎቹ የላይት-ኦን ሞዴሎች ይሰጣሉ። በማንኛውም በርነር የጻፋችሁትን ሁሉ በአንድ ድራይቭና በአንድ ፍጥነት ብቻ ስካን አድርጉ፣ ለምሳሌ በ8ኤክስ። አንዱን ዲስክ ሁለት ድራይቭ ላይ ብትለኩት ሁለት የተለያየ ቁጥር ይሰጣችኋል። እኔ መጀመሪያ እያንዳንዱን ዲስክ በጻፈው በርነር ለካሁ። ጥሩውን በርነር መጥፎ ነው ብዬ ልሸጠው ነበር።

ግራፉ ላይ ሁለት ነገር ታያላችሁ። ፒአይኢ በመጀመሪያው የእርማት ደረጃ የተገኙ ስህተቶች ናቸው። ፒአይኤፍ ደግሞ ያ ደረጃ ማረም ያቃተው ነው። የዲቪዲ መመዘኛው ገደብ ፒአይኢ በስምንት ተከታታይ ብሎክ (የዲስኩ መረጃ የሚከፈልበት ቁራጭ) እስከ 280፣ ፒአይኤፍ ደግሞ በአንድ ብሎክ እስከ 4 ነው። ጥሩ ዲስክ ከ280 እጅግ ዝቅ ይላል። ኔሮ ከመቶ የሚሰጠውን ነጥብ አልወደውም። አንድ አቧራ ወይም ጭረት የፈጠረው ቀጭን ጫፍ ብቻ ነጥቡን ይጥለዋል። ከነጥቡ ይልቅ ቅርጹን እዩ። ከመሃል እስከ ዳር ዝቅ ብሎ የሚሄድ መስመር ጥሩ ነው። ሦስት ጊጋባይት ካለፈ በኋላ እንደ ዳገት የሚወጣ ከሆነ ያ ጥምረት በዚያ ፍጥነት አይሆንም። ፍጥነቱን ቀንሳችሁ ድገሙት።

ስካን የሚችል ድራይቭ ካጣችሁ በዚያው ፕሮግራም የንባብ ፍጥነቱን ፈትኑ። መስመሩ ሳይሰበር ወደ ላይ ከሄደ ደህና ነው። ድንገት ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ ድራይቩ የተቸገረበት ነው። ይህ ሻካራ መለኪያ ነው፤ መካከለኛውን ከጥሩው አይለይም።

4. ማጫወቻ ላይ ሞክሩት። አሮጌ ማጫወቻ ፈልጉ። የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ተመልከቱ።

ያሸነፈውን ጥምረት ኮዱንና ፍጥነቱን ጨምራችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። አንዱን ዲስክ ፀሐይና ሙቀት የማያገኘው ቦታ አስቀምጡ፤ መረጃው የሚጻፍበትን የዲስኩን ቀለም የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ከስድስት ወር በኋላ በዚያው ድራይቭ ደግማችሁ ስካን አድርጉት። ዳሩ መውጣት ከጀመረ የዚያን እሽግ ቀሪ ዲስኮች ለደንበኛ አትስጡ። በእነሱ የጻፋችሁትንም ፋይሉ እያለ በሌላ ዲስክ ቅዱት።