ከድሬዳዋ ለልብ ምት መዛባት የካቴተር ሕክምና ለሚሄዱ፦ የቤተሰብ ዝግጅት እንዴት ይሠራል?

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ማለት የልብ የላይኛው ክፍል በሥርዓት መምታቱን ትቶ ሲርገበገብ ነው። በካቴተር ሲታከም ሐኪሙ በብሽሽት የደም ሥር ቀጭን ቱቦ እስከ ልብ ይሰዳል። ከሳንባ ወደ ልብ የሚገቡት የደም ሥሮች አፍ ላይ፣ ዙሪያውን በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ጠባሳ ያበጃል። የሚረብሸው የኤሌክትሪክ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ እንደሚነሳ የፈረንሳዩ ሐኪም ሚሼል ሃይሳገርና ባልደረቦቹ በ1998 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ጠባሳው ምልክቱን ያግደዋል።

ይህ የሐኪሙ ሥራ ነው። አባቴን ሳስታምም የተማርኩት ግን የቤተሰቡን ሥራ ነው፤ እሱም ከሕክምናው በፊትና በኋላ ያለው ነው።

መጀመሪያ ማስረጃ ያዙ። ምቱ እየመጣ የሚሄድ ዓይነት ከሆነ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ጸጥ ይላል። ስለዚህ ሲጀምር ወዲያው ባጃጅ ይዛችሁ ኢሲጂ (የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚያሰፍር ምርመራ) አስነሱ። ወረቀቱ በሙቀት ይደበዝዛል፤ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። በዚያው ቀን በስልክ ፎቶ አንሱት። የልብ አልትራሳውንድና የታይሮይድ ምርመራም ይታዘዛል። በሩማቲክ በሽታ የጠበበ የልብ ቫልቭ (የደም መተላለፊያ በር) ከተገኘ የሕክምናው መንገድ ሊለይ ይችላል።

ትልቁ ጣጣ ደም ማቅጠኛው ነው። በሚርገበገበው ክፍል ውስጥ ደም ይተኛል፣ ይረጋል፣ የረጋው ተነስቶ ወደ አንጎል ይሄዳል። ከሕክምናው በፊት የረጋ ደም ከታየ ቀጠሮው ይራዘማል። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ እንዲሁ መመለስ ይመጣል ማለት ነው። ስለዚህ «ሊሠራልኝ ነው» ብሎ በራስ ማቆም የለም። የሚቆም ካለ ሐኪሙ ይናገራል።

ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አይኤንአሩ (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር) አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። እዚህ ላይ ጎመን ይመጣል። ጎመን የዋርፋሪንን ጉልበት ይቀንሳል። ሁዳዴ ሲገባ ገበታው ጎመን በጎመን ይሆናል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ጎመን አትከልክሉ፤ መጠኑን በጾምም በፍስክም አንድ አድርጉት። ረመዳን የሚጾም ደግሞ የሚውጥበትን ሰዓት አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይወስን። ለወገብ ሕመም ተብሎ ዲክሎፌናክ መዋጥም ሆነ መወጋት ያደማል፤ ፋርማሲ ስትገቡ «ደም ማቅጠኛ ይወስዳል» በሉ። ቁጥሩንና የኪኒኑን መጠን በደብተር ጻፉ። እኔ ከስልክ ይልቅ ደብተር እመርጣለሁ፤ ጎረቤትም ሐኪምም ገልጦ ያየዋል።

ጫትም አለ። ልብን ያፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል። በርጫ የለመደን ሰው ቤት መዝጋት ይከብዳል፤ ለጨዋታው ይሂድ፣ ሻይ ይዞ ይቀመጥ።

ከሕክምናው በኋላ እግር ሳያጥፉ ለሰዓታት መተኛት ግድ ነው። ለቀናት ከባድ ነገር አይነሳም። በመኪና የምትመለሱ ከሆነ መንገድ ላይ እየወረዳችሁ ተንቀሳቀሱ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልብ መልሶ ሊረበሽ ይችላል፤ ሐኪሙን አሳውቁ እንጂ ሕክምናው ከሸፈ ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

አባቴ ሲሻለው «ልቤ ጸጥ ብሏል፣ ታዲያ ምን ያስውጠኛል?» ይል ነበር። ብዙ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ደም ማቅጠኛው ግን ከሕክምናው በኋላ ቢያንስ 2 ወር ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ የሚወሰነው በዕድሜ፣ በደም ግፊት፣ በስኳር እና በመሳሰሉት ነው። ልብ ጸጥ ማለቱ ብቻውን አያስቆምም።

ብሽሽቱ ካበጠ ወይም ከደማ ጫን ብላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት፣ ሲውጡ ሕመም፣ ደም ማስታወክ ወይም የፊት መጣመም ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ድረሱ። በሩ ላይ መጀመሪያ የምትናገሩት «የልብ ካቴተር ሕክምና ተደርጎለታል» የሚለውን ይሁን። የምግብ ቧንቧው ልክ ከልብ ጀርባ ነው ያለው፤ አልፎ አልፎ ይጎዳል። እንዲህ ሲጠረጠር ኢንዶስኮፒ (በአፍ የሚገባ የካሜራ ቱቦ) ማስገባት አደገኛ ስለሆነ ሐኪሙ ይህን ሳይሰማ ምርመራ እንዳይጀምር።